ሁለት ደባሎች በአንድ ዲስክ፦ ፋይልን በዊንዶውስና በሊኑክስ መካከል ስለመጋራት

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የሙያ ባልደረባዬ ማታ ላይ ስልክ ደወለልኝ። ጠበቃ ነው፤ በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል ስለምበልጠው «ጋሼ» ነው የሚለኝ። «ጋሼ፣ ዲስኬ ሳይበላሽ አልቀረም። ፋይሎቼን ሁሉ አያቸዋለሁ፣ እከፍታለሁ፣ አነባለሁ። አንዲት ፊደል ጨምሬ ላስቀምጥ ስል ግን አይቻልም ይለኛል» አለኝ። «አላባው ላንተ፣ ባለቤትነቱ ለሌላ ሰው ሆኗላ!» ብዬ ቀለድኩበት። እሱ ግን ለቀልድ የሚሆን ልብ አልነበረውም። በማግስቱ ጠዋት ለፍርድ ቤት የሚያስገባው ጽሑፍ ነበረው።

ነገሩን ሳጣራ ታሪኩ የብዙዎቻችን ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። የቢሮው ኮምፒዩተር የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነበር። ማይክሮሶፍት ደግሞ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳያድግ ኮምፒዩተሩ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ክፍል የለውም። አዲስ ለመግዛት የዛሬውን ዋጋ አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ ወንድሙ መክሮት ሊኑክስን፣ ያውም ኡቡንቱ የተባለውን ዓይነት፣ ከዊንዶውስ ጎን አስጫነ። ዊንዶውስን ግን ጨርሶ ሊያሰናብተው አልቻለም፤ የሒሳብ መያዣ ሶፍትዌሩና የቢሮው ስካነር ያለ እሱ አይንቀሳቀሱም።

ይህ ጽሑፍ ለእሱና እንደ እሱ ላሉት ነው። እኔ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም፤ የተማርኩት ሕግ ነው። ይሁንና በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም አድርጌ መሥራት ከጀመርኩ ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። አንድ ጊዜም ለመክፈል ተቃርቤ የነበረው ዋጋ የእኔ ብቻ አልነበረም።

የሁለቱ መዝገብ ቤቶች

ሁለቱ ሲስተሞች አንድ ቤት የተከራዩ ደባሎች ናቸው ብንል ነገሩ ይቀላል። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለቱም ቤት አይገኙም። ዲስኩ በፓርቲሽን፣ ማለትም በክፍል በክፍል፣ የተከፋፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ደባል የራሱ ክፍል አለው።

ችግሩ ክፍሉን የሚያደራጁበት መንገድ መለያየቱ ነው። ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው መዝገብ ቤት ምን እንደሆነ ያውቃል። መደርደሪያው ላይ ወረቀት መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የትኛው መዝገብ የት እንዳለ የሚናገረው የዋና መዝገብ ደብተር ከሌለ ወረቀቱ እንደሌለ ይቆጠራል። ፋይል ሲስተም የሚባለው ይህ የአመዘጋገብ ሥርዓት ነው። ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤንቲኤፍኤስ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣ ነው። ሊኑክስ በአብዛኛው የሚጠቀመው ኢኤክስቲ 4 የተባለውን ነው።

ዊንዶውስ በራሱ ኢኤክስቲ 4ን ማንበብ አይችልም። እንዲያውም እንዲህ ያለ ክፍል ሲያጋጥመው አንዳንድ ጊዜ «ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ጥያቄ ላይ በቅንነት «እሺ» ብለው የዓመት ሥራቸውን ያጠፉ ሰዎች አውቃለሁ። ኮምፒዩተሩን የሚነካ ሌላ ሰው ካለ፣ ጸሐፊም ትሁን ልጅ፣ ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። በዊንዶውስ 11 ላይ ደብልዩኤስኤል በሚባለው መንገድ የኢኤክስቲ 4 ዲስክ መክፈት ይቻላል፤ ግን ሙሉ ዲስክ እንጂ የዲስክ ክፍል ስለማይቀበል ዊንዶውሱ ራሱ ለተቀመጠበት ዲስክ አይሆንም። አንድ ዲስክ ብቻ ያለው የላፕቶፕ ባለቤት ከዚህ ምንም አያገኝም።

ሊኑክስ በበኩሉ የጎረቤቱን ቋንቋ ለመማር ብዙ ደክሟል። በመጀመሪያ ኤንቲኤፍኤስን ማንበብ እንጂ በአስተማማኝ ሁኔታ መጻፍ አይችልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ኤንቲኤፍኤስ-3ጂ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር የተረጋጋ እትሙን ሲያወጣ መጻፍም ተቻለ። በ2021 ደግሞ ፓራጎን የተባለው ኩባንያ ያበረከተው ሌላ ድራይቨር የሊኑክስ እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ፣ በ5.15 እትም፣ ገባ። ስለዚህ ዛሬ ሊኑክስ የዊንዶውስን መዝገብ ያነባል፣ ይጽፋልም። ዊንዶውስ ግን የሊኑክስን ክፍል አያንኳኳም። የጋራ ክፍሉ በማን ሥርዓት ይደራጅ ለሚለው ጥያቄ ግማሹ መልስ እዚህ አለ።

የ60 ቀኑ ጉዳይ

ቀሪውን ግማሽ መልስ የተማርኩት በ2006 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ጥብቅና ላይ ነበርኩ። ዊንዶውስ 8 የተጫነበት አዲስ ላፕቶፕ ገዝቼ ሊኑክስን በጎኑ ጫንኩ፤ የጋራ ክፍሉንም በአሮጌው ኮምፒዩተሬ እንደለመድኩት በፋት 32 አዘጋጀሁት። ፋት 32 እ.ኤ.አ. በ1996 ከዊንዶውስ 95 ሁለተኛ እትም ጋር የመጣ፣ ሁሉም መሣሪያ የሚያውቀው ቀላል ሥርዓት ነው። በአሮጌው ኮምፒዩተር ላይ ለዓመታት አንድም ቀን አላስቸገረኝም።

ደንበኛዬ በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ ክርክሩም የሚኖሩበት ቤት ነበር። በሥር ፍርድ ቤት ተረተናል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ለይግባኝ የሚሰጠን 60 ቀን ነበር። ቀኑ ካለፈ ማስፈቀድ ይቻላል፤ ዳሩ ግን መዘግየቱ የመጣው በጠበቃው ጉድለት ከሆነ ያ በቂ ምክንያት እንደማይሆን ሕጉ በግልጽ ይናገራል። «ኮምፒዩተሬ በላብኝ» የሚል ምክንያት የት እንደሚመደብ ለመገመት የሕግ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

በ58ኛው ቀን ሌሊት፣ እኔም እንደ ጠበቆች ልማድ፣ የይግባኝ ማመልከቻውን ሊኑክስ ላይ ሆኜ ጨረስኩ። የጋራ ክፍሉ ውስጥ አስቀምጬ ተኛሁ። ማተሚያው የሚሠራው በዊንዶውስ ስለነበር ጠዋት ዊንዶውስን ከፈትኩ። ፋይሉ የለም። ያለበት ፎልደር ስሙ አለ፣ ውስጡ የለም። ዊንዶውስ ዲስኩን «ላስተካክል» ብሎ ጠየቀኝ፤ አስተካክል አልኩት። አስተካክሎ ሲጨርስ «ፋውንድ» የሚል ስም የሰጠው አዲስ ፎልደር ውስጥ ቁጥር የተለጠፈባቸው ብጥስጣሾች ደረደረልኝ። ብከፍታቸው ትርጉም የሌለው ምልክት ብቻ ነው።

ያዳነኝ ቴክኖሎጂ አይደለም። ከሁለት ቀን በፊት ረቂቁን አትሜ በእርሳስ እየሰረዝኩ፣ ጠርዙ ላይ እየጻፍኩ አርሜው ነበር፤ ያ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ተገኘ። እኔ እያነበብኩ ጸሐፊዬ እየጻፈች ቀኑን ሙሉ ዋልን። በ60ኛው ቀን ሬጅስትራር ፊት ስንቀርብ እማማ ፊቴን አይተው «ልጄ፣ አሞሃል እንዴ?» አሉኝ። «የለም እማማ፣ እንቅልፍ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነበር፤ ነገሩ በእርግጥም የእንቅልፍ ጉዳይ ሆኖ ተገኝቷል።

ዊንዶውስ ሲተኛ

ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ፣ «ሻት ዳውን» ስንለው ዊንዶውስ በእርግጥ አይጠፋም። «ፋስት ስታርትአፕ» በሚባል አሠራር በቀጣዩ ጊዜ ቶሎ እንዲነሳ የራሱን ከርነል የማስታወሻ ሁኔታ ዲስክ ላይ ገልብጦ ይተኛል። የከፈታቸውን ክፍሎችም በሥርዓቱ ዘግቶ አይሄድም። የደባሎቹን ምሳሌ ብንቀጥል፣ ቤቱን ለቆ የወጣ መስሎ ጓዳ ውስጥ ተኝቷል፤ የመዝገቡን ደብተርም በቃሉ ይዞታል።

በዚህ መሐል ሊኑክስ ይገባና በጋራ ክፍሉ ውስጥ አዲስ ፋይል ያስቀምጣል፤ ደብተሩንም ያድሳል። ዊንዶውስ ሲነቃ ደብተሩን እንደገና አያነብም። የሚያምነው ከመተኛቱ በፊት የሚያስታውሰውን ነው። ከዚያ በአሮጌው ትውስታው ላይ ተመሥርቶ መጻፍ ሲጀምር የሌሊቱ ሥራ ይሰረዛል ወይም ከሌላ ፋይል ጋር ይደባለቃል። በፋት 32 ላይ ሊኑክስን «ተው፣ ሰው ተኝቷል» የሚለው ነገር የለም። በእኔ ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ኤንቲኤፍኤስ በዚህ ረገድ ይሻላል። በሊኑክስ በኩል ያለው ሶፍትዌር ክፍሉ በአግባቡ አለመዘጋቱን የሚያሳየውን ምልክት ያነባል፤ ምልክቱን ካየ ወይ ጨርሶ አይከፍተውም፣ ወይ ለማንበብ ብቻ ይከፍተዋል። ወጣቱ ባልደረባዬን «አይቻልም» ያለው ይህ ነው። ዲስኩ አልተበላሸም፤ እንዳይበላሽ እየተጠበቀ ነበር። በስልክ የነገርኩት መፍትሔ ሦስት ደቂቃ አልፈጀም፦ ዊንዶውስን ክፈት፣ «ሻት ዳውን» ሳይሆን «ሪስታርት» በል፣ ሲነሳ ሊኑክስን ምረጥ። ሪስታርት ሲባል ዊንዶውስ አይተኛም፣ በእርግጥ ይወጣል። የ«ሺፍት» ቁልፍን ተጭኖ ይዞ «ሻት ዳውን» ማለትም ያው ነው።

ዘላቂው መፍትሔ ግን አሠራሩን ማጥፋት ነው። በዊንዶውስ ውስጥ «ኮንትሮል ፓነል»፣ ከዚያ «ፓወር ኦፕሽንስ» ተገብቶ የማጥፊያው ቁልፍ ምን እንዲሠራ የሚወስነው ገጽ ይከፈታል፤ እዚያ «ተርን ኦን ፋስት ስታርትአፕ» የሚለው ፊት ያለው ምልክት ይነሳል። «ሃይበርኔት» የሚባለውን ሙሉ እንቅልፍም በዚያው መተው ነው። ኮምፒዩተሩ ለመነሳት ጥቂት ሰከንዶች ይጨምር ይሆናል። ትልልቅ የዊንዶውስ ማሻሻያዎች ከገቡ በኋላ ምልክቱ ተመልሶ እንደሆነ ማየት ደግሞ አይከፋም። የምመክረው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እመክር ነበር።

የተኛውን ዊንዶውስ በግድ ችላ አስብለው ክፍሉን ለመጻፍ የሚያስከፍቱ ትእዛዞች አሉ። ጎበዝ የሆነ ልጅ ያሳያችሁ ይሆናል። በራሱ ፋይል ይሞክረው።

የጋራ ክፍሉን ስለማዘጋጀት

ምርጫው ሦስት ነው። ፋት 32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም፤ የችሎት ቪዲዮ ወይም የሙሉ ቢሮ መጠባበቂያ ቅጂ አይገባበትም። ኤክስፋት እ.ኤ.አ. በ2006 የመጣ ሲሆን ይህ ገደብ የለበትም፤ ማይክሮሶፍት ዝርዝሩን በ2019 ይፋ ካደረገ በኋላ ሊኑክስም በከርነሉ ውስጥ አስገብቶታል። ለፍላሽ ጥሩ ነው። ሁለቱም ግን አንድ የጋራ ጉድለት አለባቸው፤ ጆርናል የሚባለው የላቸውም። ጆርናል ማለት ሲስተሙ አንድን ለውጥ ከማድረጉ በፊት «ይህን ላደርግ ነው» ብሎ የሚመዘግብበት ቃለ ጉባኤ ነው። መብራት በመሐል ቢጠፋ ሲስተሙ ሲነሳ ቃለ ጉባኤውን አይቶ የተጀመረውን ይጨርሳል ወይም ይሰርዛል። መብራት እንደ እንግዳ በሚመጣበትና በሚሄድበት ከተማ የምንሠራ ሰዎች ይህን እንደ ቅንጦት ልናየው አንችልም፤ በተለይ ባትሪ የሌለው የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ያለው ሰው። ኤንቲኤፍኤስ ጆርናል አለው። ስለዚህ ለቋሚ የጋራ ክፍል እኔ የምመርጠው ኤንቲኤፍኤስን ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በቅድሚያ ያለው ሁሉ ወደ ውጭ ዲስክ ይገለበጣል። ቀጥሎ በዊንዶውስ «ዲስክ ማኔጅመንት» ውስጥ «ሽሪንክ ቮልዩም» በሚለው የዊንዶውስ ክፍል ይጠብባል፤ የዊንዶውስን ክፍል በዊንዶውስ መሣሪያ ማጥበብ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ከተለቀቀው ቦታ ለሊኑክስ 50 ወይም 60 ጊጋባይት ተለይቶ የቀረው በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ተደርጎ የጋራ ክፍል ይሆናል። ስም ይሰጠው፤ የእኔ «ሰነዶች» ይባላል። ሊኑክስ የዊንዶውስን ዋና ክፍል ማለትም ሲ ድራይቭን መክፈት ስለሚችል «ለምን የተለየ ክፍል ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። የሲስተሙ ፋይሎች ባሉበት ቦታ በሌላ ሲስተም እየገቡ መጻፍ ስለማይወደድ ነው። አንዱ ደባል የሌላውን አልጋ ሥር መጎርጎር የለበትም። ደግሞም ዊንዶውስ አንድ ቀን ተበላሽቶ እንደ አዲስ ቢጫን የጋራው ክፍል አይነካም።

በሊኑክስ በኩል ክፍሉ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ራሱ እንዲከፈት ኤፍኤስታብ በተባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ይጻፋል። እዚያ ውስጥ ክፍሉ የሚጠቀሰው ዩዩአይዲ በሚባለው የማይለዋወጥ መለያ ቁጥሩ ነው፤ ባለቤቱ የትኛው ተጠቃሚ እንደሆነም እዚያው ይገለጻል። «ኖፌይል» የሚለውን ቃል ማከል አይረሳ፤ ክፍሉ ባይገኝም ሊኑክስ ሥራውን እንዲቀጥል ያደርጋል። ይህን መስመር የሚያውቅ ሰው አንድ ጊዜ ይጻፍላችሁ እንጂ እየገመታችሁ አትሞክሩት። ከዚያ በኋላ በሁለቱም በኩል «ዶኪዩመንትስ» የሚባለው ፎልደር ወደ ጋራው ክፍል እንዲያመለክት ይደረጋል። በዊንዶውስ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጎ በ«ፕሮፐርቲስ» ውስጥ «ሎኬሽን» በሚለው ቦታውን መቀየር ይበቃል። የሊኑክስን ሙሉ የቤት ፎልደር ግን ኤንቲኤፍኤስ ላይ አታስቀምጡ፤ ሊኑክስ ለራሱ ቅንብር ፋይሎች የሚጠቀምበት የፈቃድ አሰጣጥ እዚያ እንዳለ አይሠራም።

ፋይሎችን በኢንተርኔት ማስቀመጫ አማካይነት ማገናኘትም ይቻላል፤ መስመሩ ሲኖር። አንዱን ሲስተም በሌላው ውስጥ የሚያስኬድ ቨርቹዋል ማሽን የሚባልም አለ። ብዙ ሚሞሪ ላለው ሰው እሰየው ነው፤ የባልደረባዬ ኮምፒዩተር ግን አይሸከመውም።

ስም፣ ሰዓትና ፊደል

ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ ሁለት ነጥብ፣ የጥያቄ ምልክት፣ ኮከብ፣ የትእምርተ ጥቅስ ምልክትና ጥቂት ሌሎችን አይቀበልም። ሊኑክስ የሚከለክለው የተዘነበለውን መስመር ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ «ስብሰባ 3:00» ብለው የሰየሙት ፋይል ዊንዶውስ ሊከፍተው የማይችል ሊሆን ይችላል። የመዝገብ ቁጥርንና ዓመትን በተዘነበለ መስመር የመለየት ልማዳችን ግን በሁለቱም አይሠራም፤ በሰረዝ መተካት አለበት። የላቲን ፊደል ሲሆን ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ይለያል፣ ዊንዶውስ አይለይም። በላቲን ፊደል «ኮንትራክት» የሚል ስም አንዱ በትልቁ፣ አንዱ በትንሹ ፊደል የጀመረ ሁለት ፋይል ሊኑክስ ያስቀምጣል፤ ዊንዶውስ ሁለቱንም እያሳየ አንዱን ብቻ ይከፍታል።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ከዚህ ጣጣ ድነናል። በምትኩ የራሳችን አለን። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለሁለቱም ሲስተሞች ፍጹም የተለያዩ ስሞች ናቸው። ፋይሉ አልጠፋም፤ የፈለጋችሁት በሌላው «ሀ» ነው። ቢሮ ውስጥ አንድ አጻጻፍ ቢወሰን ብዙ ሰዓት ይተርፋል።

ሌላም አለ፣ ብዙዎች የማያውቁት። ኢኤክስቲ 4 ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። የላቲን ፊደል በዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ ባይት ሲይዝ የግዕዝ ፊደል ሦስት ይይዛል። ስለዚህ በሊኑክስ ክፍል ውስጥ የአማርኛ ፋይል ስም ከ85 ፊደል በላይ ሊሄድ አይችልም። ኤንቲኤፍኤስ የሚቆጥረው በፊደል ስለሆነ 255 ድረስ ይፈቅዳል። ከጋራው ክፍል ወደ ሊኑክስ ሲገለበጥ «ስሙ ረዘመ» የሚል መልስ የሚመጣው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሰዓቱን ያየ ደግሞ ይደነግጣል። ሊኑክስ የኮምፒዩተሩን የውስጥ ሰዓት በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ይይዘዋል፤ ዊንዶውስ በአካባቢው ሰዓት። እኛ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ሰዓት ስለምንቀድም ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲመለሱ ረፋዱ 4 ሰዓት የነበረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆኖ ይገኛል። ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ፋይሉ መቼ ተጻፈ፣ መቼ ተቀየረ የሚለው በማስረጃነት የሚነሳበት ጊዜ እየበዛ ነው። ውሉ ከመፈረሙ በፊት የተቀየረ የሚያስመስል የሦስት ሰዓት ልዩነት ለመስቀለኛ ጥያቄ የሚጥም ሥጋ ነው። መፍትሔው በሊኑክስ በኩል የውስጡን ሰዓት በአካባቢ ሰዓት እንዲይዝ ማዘዝ ወይም በዊንዶውስ በኩል ተቃራኒውን ማድረግ ነው። ከሁለቱ አንዱን እንጂ ሁለቱንም አይደለም፤ ሁለቱም ከተቀየሩ ልዩነቱ ዞሮ ይመጣል።

ፋይሉ ተከፍቶም ላይነበብ ይችላል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ለብዙ ዓመታት ከዚያም በኋላ የተጠቀምንባቸው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የግዕዝን መልክ የሚስሉ ነበሩ። የዚያ ዘመን ሰነድ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ዛሬ እንደምንም የሚነበበው አሮጌው ፎንት ያለበት አሮጌው ዊንዶውስ ስላለ ብቻ ነው። የመሸጋገሪያው ጊዜ ሳያልፍ ወደ ዩኒኮድ ማስለወጥ ወይም ቢያንስ በፒዲኤፍ ማስቀረት ይገባል። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውን «ኒያላ» ፎንት የተጠቀመ ከሆነ ሊኑክስ በሌላ ይተካዋል፤ መስመሩ ይዘላል፣ ገጹ ይቀየራል፣ «በገጽ 4 እንደተመለከተው» ያልነው ገጽ 5 ላይ ይገኛል። «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» ወይም «ኖቶ» የተባሉትን ነፃ የግዕዝ ፎንቶች በሁለቱም ሲስተሞች መጫን ይህን ያስቀራል።

የደንበኛ ምስጢር

አንድ ነገር ብዙ ሰው ሲሰማ አያምነኝም። የዊንዶውስ የይለፍ ቃላችሁ በሊኑክስ በኩል ለገባ ሰው ምንም ማለት አይደለም። ዲስኩ ካልተመሰጠረ በቀር ከሊኑክስ ሆኖ የዊንዶውስ ፋይሎች ሁሉ ይነበባሉ፤ ሊኑክሱም በላፕቶፑ ላይ መጫኑ ግድ አይደለም፣ ከፍላሽ ሊነሳ ይችላል። ላፕቶፕ የተሰረቀበት ጠበቃ፣ ሐኪም ወይም የሒሳብ ባለሙያ የጠፋበት ዕቃ ብቻ አይደለም።

የዊንዶውስ የራሱ መመስጠሪያ ቢትሎከር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው የዊንዶውስ 11 እትም ወዲህ በብዙ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ላይ ባለቤቱ ሳያውቅ ጭምር ይበራል። ሊኑክስ ሲጫን የአነሳሱ ሥርዓት ስለሚነካ ዊንዶውስ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉም የለም። ሊኑክስ ከመጫኑ በፊት ቁጥሩን ፈልጎ በወረቀት መጻፍ፣ ወረቀቱንም ከኮምፒዩተሩ ጋር አለማስቀመጥ።

ለጋራው ክፍል እኔ የምጠቀመው ቬራክሪፕት የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ነው። በጋራው ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ የተመሰጠረ ፋይል ይፈጥራል፤ እሱም በይለፍ ቃል ሲከፈት እንደ ራሱ ዲስክ ሆኖ ይታያል። በዊንዶውስም በሊኑክስም በአንድ ቃል ይከፈታል። ምስጢር የሆነው እዚያ፣ የቀረው ከውጭ። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ይግባኝ የሚልበት የለም።

የጋራው ክፍል መጠባበቂያ ቅጂ አለመሆኑንም ላስታውስ። ያለው በዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም ደባሎችና ዕቃቸው አብረው ይሄዳሉ።

ባልደረባዬ ቅዳሜ ዕለት ላፕቶፑን ይዞ ቤት መጣ። ፋስት ስታርትአፕን አጠፋን፣ ሰዓቱን አስተካከልን፣ የኤፍኤስታቡን መስመር ወንድሙ በስልክ እየነገረን ጻፍን። ሁሉም ፋይሎች ያለ ችግር ሲገለበጡ አንዱ ብቻ አሻፈረኝ አለ። ከፍተን አየነው፤ ደህና ነው። ስሙን ሳነብ የአመልካችን፣ የተጠሪንና የጣልቃ ገብን ስም ከነአያታቸው፣ የፍርድ ቤቱን ምድብ፣ የክርክሩን ጭብጥና «የመጨረሻ የተስተካከለ እንደገና የታየ» የሚለውን ጨምሮ የያዘ ነው። ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ብለን ፊደሉን ቆጠርን፤ 85ን አልፎ ገና ወደ ጣልቃ ገቡ አያት አልደረስንም። «ይግባኝ 2» ብለን ሰየምነው፤ ወዲያው ተገለበጠ።